የአሮጌ መኪና ሂተር ብልሽትና የውሃ መፍሰስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመኪና ሂተር የራሱ እሳት የለውም። ሞተሩን ዞሮ የጋለ ውሃ በሁለት ቱቦዎች አድርጎ ዳሽቦርዱ ሥር ወደተደበቀች ትንሽ ራዲያተር ይሄዳል፤ ፋኑ አየር ይነፋባታል፤ አየሩም ሞቆ ወደ እግርና ወደ መስታወት ይወጣል። በቃ ይኸው ነው። እንግዲህ ሂተር እምቢ ሲል ጥፋቱ ወይ በውሃው ወይ በአየሩ መንገድ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ውሃ ሲገኝም መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ የሞተሩ ውሃ ነው ወይስ ከውጭ የገባ? ሁለቱንም በእጅ፣ በዓይንና በአፍንጫ መለየት ይቻላል። ገንዘብ የሚባክነው ይህ ሳይደረግ ዳሽቦርድ ሲፈታ ነው።

ሂተሩ ቀዝቃዛ አየር ብቻ ይነፋል። ከየት ልጀምር?

ከውሃው መጠን። ሞተሩ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ከፍተው ውሃው እስከ አንገቱ መድረሱን ይዩ። የፕላስቲኩን መጠባበቂያ ብቻ አይቶ መወሰን ያሳስታል፤ ክዳኑ ወይም ወደ መጠባበቂያው የምትሄደው ቀጭን ቱቦ ከተበላሸች መጠባበቂያው ሙሉ ሆኖ ራዲያተሩ ጎድሎ ይገኛል። በብዙ መኪኖች የሂተሩ ራዲያተር ከፍ ያለ ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ውሃ ሲጎድል መጀመሪያ አየር የሚሞላው እሱን ነው። የጋለ ሞተር ክዳን ግን አይከፈትም። ታፍኖ የቆየው ውሃ ክዳኑ በላላበት ቅጽበት ፈልቶ ፊት ላይ ይፈነዳል።

ውሃው ሙሉ ከሆነ ሞተሩን አስነስተው የሙቀት ጌጁ የተለመደ ቦታው እስኪደርስ ይጠብቁ። የሂተሩን ማዞሪያ እስከ ጥግ ሙቅ ላይ፣ ፋኑን ዝቅተኛ ላይ ያድርጉ። ከዚያ ኮፈኑን ከፍተው፣ እጅዎን ከቺንጋውና ከፋኑ አርቀው፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል የሚለየውን ግድግዳ አልፈው የሚገቡትን ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይዳስሱ።

ሁለቱም እጅ የማያስይዙ ሙቅ ከሆኑ ውሃው ሥራውን ሠርቷል፤ ችግሩ አየሩን ወደ ትንሿ ራዲያተር የሚመራው የአየር ክዳን ወይም እሱን የሚስበው ካቦ (የሽቦ ገመድ) ነው። አንዱ ሙቅ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው ደርሶ ማለፍ አቅቶታል፦ ወይ የሂተሩ ቫልቭ አልተከፈተም ወይ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች። ቫልቩ ሞተሩ በኩል ባለው ቱቦ ላይ ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ይዳስሱ፤ ከፊቱ ግሎ ከኋላው ከቀዘቀዘ ጥፋተኛው እሱ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ቫልቭ ዝጎ ይደርቃል፤ በፒንሳ አስገድደው ሲያዞሩት ደግሞ ማፍሰስ ይጀምራልና ከመንካትዎ በፊት ቅያሪውን ቢያዘጋጁ ይሻላል። ሁለቱም ቱቦዎች ለብ ብለው ጌጁም ዝቅ ካለ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግቶ የሚያቆየውን ቫልቭ)፣ ጌጁ ደህና ሆኖ ሁለቱም ከቀዘቀዙ ደግሞ የታሰረ አየር ወይም የደከመ የውሃ ፓምፕ ይጠርጥሩ።

ጌጁ ከተለመደው በታች ይቆያል፤ ረጅም መንገድ ስሄድ እንዲያውም ይወርዳል። ምንድን ነው?

ቴርሞስታቱ ተከፍቶ ቀርቷል። ለማረጋገጥ ሞተሩን ከቀዝቃዛ አስነስተው ትልቁን የላይኛውን የራዲያተር ቱቦ ይያዙ። ጤነኛ ቴርሞስታት ውሃውን ሞተሩ ውስጥ አግቶ ስለሚያቆይ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ድንገት ይሞቃል። ከመጀመሪያው አንስቶ ከሞተሩ ጋር እኩል እየሞቀ ከሄደ ክፍት ነው። (በመግቢያው በኩል ቴርሞስታት የተገጠመላቸው ሞተሮች ላይ ግን ይህን ፈተና የታችኛው ቱቦ ላይ ያድርጉት።)

ፈትተው መፈተን ከፈለጉ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ያንብቡ፤ ብዙ ጊዜ 82 ወይም 88 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በክር አንጠልጥለው የድስቱን ታች ሳይነካ ውሃ ውስጥ ያስገቡትና ከቴርሞሜትር ጋር ያሙቁት። በቁጥሩ አካባቢ መከፈት መጀመር፣ ከዚያ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ ሲል ሙሉ በሙሉ መከፈት አለበት። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ከ100 ዲግሪ በታች ስለሚፈላ ባለ 88ቱ ድስት ውስጥ እስከ መጨረሻው ባይከፈት አይፍረዱበት። ሲገጥሙ ሞላው (ስፕሪንጉ) ወደ ሞተሩ፣ ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳ ወደ ላይ ይሁን፤ ጓርኒሲዮኑም (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ) አዲስ ይሁን።

«ሞተሩ እንዳይግል» ብሎ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል መድኃኒት የሚመስል በሽታ ነው። ሞተሩ የሥራ ሙቀቱ ላይ ስለማይደርስ ነዳጅ ይበላል፣ ዘይቱ ውስጥ እርጥበት ይቀራል፣ ሲሊንደሩ ቶሎ ይበላል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት የማቋረጫ መንገዱን የሚዘጋው እሱ ራሱ ስለሆነ፣ ሲወጣ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳይጎበኝ ይመላለሳል፤ ሞተሩም ይበልጥ ይግላል።

ቆሜ ስጠብቅ ሂተሩ ይቀዘቅዛል፤ ነዳጅ ስሰጠው ይሞቃል። ለምን?

ፓምፑ በዝግታ ሲዞር ውሃውን እስከ ሂተሩ መግፋት አቅቶታል። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ የውሃ መጠን፣ የታሰረ አየር፣ በከፊል የተደፈነ ትንሽ ራዲያተር፣ በመጨረሻም ፓምፑ። ለዓመታት ባዶ ውሃ (ዝገት የሚከላከለው ፈሳሽ፣ ኩላንት፣ ያልተቀላቀለበት) ሲጠጣ የኖረ ፓምፕ ክንፎቹ በዝገት አልቀው ከውጭ ሲታይ ምንም የሌለበት ይመስላል። ቺንጋው ላልቶ የሚንሸራተትም ከሆነ ምልክቱ ያው ነው።

ውሃ ቀየርኩ፤ አሁን ዳሽቦርዱ ውስጥ የሚንቆረቆር ድምፅ አለ፤ ሂተሩም አይሞቅም።

አየር ታስሯል። የወጣውንና የገባውን ይለኩ፤ 6 ሊትር አውጥተው 4 ሊትር ብቻ ከገባ ቀሪው 2 ሊትር አየር ሆኖ ውስጥ ተቀምጧል።

የመኪናው አፍንጫ ከፍ እንዲል አቀበት ላይ ያቁሙት፤ የእጅ ፍሬኑን ስበው ጎማው ሥር ድጋፍ ያስገቡ። የሂተሩን ማዞሪያ ሙሉ ሙቅ ላይ ያድርጉ፤ አለበለዚያ ቫልቩ ዝግ ሆኖ አየሩ መውጫ አያገኝም። ቴርሞስታቱ ቤት ወይም የሂተር ቱቦው ላይ የአየር ማውጫ ብሎን ካለ አላልተው፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ቀስ ብለው ይሙሉ። አረፋ የሌለበት ውሃ ሲመጣ ብሎኑን ይዝጉ። ብሎን የሌለው ከሆነ ከፍ ያለውን የሂተር ቱቦ ጫፍ ፈትተው ውሃ እስኪወጣበት መሙላት ያው ውጤት ይሰጣል። አሁን ክዳኑን ሳይዘጉ ሞተሩን አስነስተው የላይኛውንና የታችኛውን የራዲያተር ቱቦ ገና ሳይግሉ በየጊዜው ጭምቅ ያድርጉ፤ ውሃው በወረደ ቁጥር ይጨምሩ። ከአንገቱ መነሳት ሲጀምር ክዳኑን ይግጠሙና ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ይተዉት። በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ በርዶ ሲያዩት ብዙ ጊዜ ትንሽ ይጎድላል፤ ይሙሉት። በተከታታይ ሦስት ጠዋት የሚጎድል ከሆነ ግን ነገሩ አየር መሆኑ ቀርቶ ፍሳሽ ነው።

ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች። ሳላወጣት ማጠብ እችላለሁ?

አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። ሁለቱንም ቱቦዎች ግድግዳው ላይ ይፍቱ፤ የደረቀ ጎማ እምቢ ሲል አይጎትቱ፣ አያወዛውዙም። ቱቦውን በርዝመቱ በስለት ሰንጥቀው ይላጡት። የቱቦ ዋጋ ከሂተር ራዲያተር ዋጋ ጋር አይወዳደርም፤ ውስጥ ያለው የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም አንገት ደግሞ በትንሽ ጉልበት ይሰነጠቃል።

ውሃው በተለመደው መውጫ እንዲገባ፣ ማለትም በተቃራኒ አቅጣጫ፣ በአትክልት ማጠጫ ቱቦ በለሰለሰ ግፊት ይልቀቁ። መጀመሪያ ቡናማ ጭቃና ቅርፊት ይወጣል። አቅጣጫውን እየቀያየሩ ንጹሕ ውሃ እስኪወጣ ይደጋግሙ። በኮምፕረሰር አየር አይንፉባት፤ የዚህ ሥርዓት የሥራ ግፊት ወደ 1 ባር ገደማ ነው፣ ኮምፕረሰር ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይሰጣል። ለራዲያተር የተሠራ ማጠቢያ መጠቀም ይቻላል፤ ኮስቲክ ሶዳ ግን አሉሚኒየም ስለሚበላ አይነካም። ታጥባ ከሁለት ሳምንት በኋላ መልሳ ከተደፈነች ቆሻሻው ከሞተሩ ነው የሚመጣው፤ ሞተሩንና ትልቁን ራዲያተርም አብሮ ማጠብ ያስፈልጋል።

ሁለቱ ቱቦዎች ግለዋል፤ አየሩ ግን ቀዝቃዛ ነው።

ረዳት ያግኙ። እርስዎ ዳሽቦርዱ ሥር በባትሪ መብራት እያዩ ረዳቱ ማዞሪያውን ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ ይውሰደው። ካቦው ተንቀሳቅሶ የክዳኑ ክንድ ካልተንቀሳቀሰ የካቦው ሽፋን ከመያዣው ሾልኳል፤ ብዙ ጊዜ መልሶ መክተት ይበቃል። ክንዱ ዞሮ አየሩ ካልተለወጠ ክዳኑ ላይ የነበረው ስፖንጅ ፈራርሷል። ከአየር ማውጫው ጥቁር ፍርፋሪ ሲበተን ያዩ ከሆነ ሌላ ማስረጃ አያስፈልግዎትም።

የአየር ክዳናቸው በቫኪዩም (በሞተሩ የመሳብ ኃይል) በሚሠራ መኪኖች ላይ አየሩ ሁልጊዜ ወደ መስታወት ብቻ የሚወጣ ከሆነ ከሞተሩ የምትመጣዋ ቀጭን የቫኪዩም ቱቦ ተሰንጥቃለች ወይም ወልቃለች። ቫኪዩም ሲጠፋ ክዳኑ መስታወት እንዲያጠራ ሆኖ ነው የተሠራው።

ፋኑ የሚሠራው በመጨረሻው ፍጥነት ብቻ ነው።

ሬዚስተሩ ተቃጥሏል። ዝቅተኞቹ ፍጥነቶች በእሱ በኩል ያልፋሉ፤ የመጨረሻው ግን በቀጥታ ከባትሪ ይመጣል። ሬዚስተሩ እንዲቀዘቅዝ አየሩ መተላለፊያ ውስጥ ነው የሚሰካው፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ብሎን ይፈታል። ነገር ግን ለምን ተቃጠለ? ቡሺው የደረቀ ወይም ቅጠል የተጠመጠመበት ፋን ከሚገባው በላይ ኮረንቲ ይስባል፤ ወይም መግቢያው ተደፍኖ አየር አያልፍም። ፋኑን በእጅ ሲያዞሩት በነፃነት ካልተሽከረከረ አዲሱም ሬዚስተር ይከተለዋል። የሶኬቱ ፕላስቲክ ቀልጦ ከሆነ አብሮ ይቀየር።

ፋኑ ጨርሶ ካልዞረ ከፊውዙ ይጀምሩ፤ ከዚያ ማብሪያው ተከፍቶ የ12 ቮልት መፈተሻ መብራት ፋኑ ሶኬት ላይ ይያዙ። ኮረንቲ ደርሶ ካልዞረ የማሳውን (የኔጌቲቩን) ሽቦ በሌላ ሽቦ ከቦዲው ጋር ያገናኙ። አሁንም ጸጥ ካለ የፋኑን ሞተር መታ መታ ያድርጉት፤ ተነስቶ ከዞረ ካርቦኖቹ አልቀዋል።

እየነዳሁ ሂተሩ በድንገት ቀዘቀዘ፤ ጌጁ ደግሞ ወደ ላይ ይወጣል።

ጥግ ይያዙና ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ። ውሃው አልቋል ወይም መዞር አቁሟል። ጌጁ ራሱ ውሃ ውስጥ ካልተነከረ የሚያሳየው ከእውነተኛው ያነሰ ነው፤ «ትንሽ ልሂድ» የቴስታታ (ከሲሊንደሮቹ በላይ የሚገጠመው የሞተሩ ራስ) ዋጋ ያስከፍላል። ሂተርን ከፍቶ ሞተር ማቀዝቀዝ የሚሠራው ከሂተሩ አሁንም ሙቅ አየር እየመጣ ከሆነ ብቻ ነው።

የተሳፋሪው እግር ሥር ምንጣፉ ረጥቧል። የየትኛው ውሃ ነው?

ነጭ ሶፍት ምንጣፉ ላይ ይጫኑ። ቀለም ያለው፣ ጣት ላይ የሚያንሸራትት፣ ጣፋጭ ሽታ ያለው ከሆነ ኩላንት ነው፤ ፍሳሹ ከትንሿ ራዲያተር ወይም ከመጋጠሚያዋ ነው። የፊት መስታወቱ ውስጡ ላይ በጨርቅ ሲጠርጉት የሚቀባ ቅባታማ ጉም ካለና ሂተሩን ሲከፍቱ ከባሰበት ተረጋግጧል። በአፍ አይቅመሱት፤ ኩላንት ውስጥ ያለው ኤትሊን ግላይኮል መርዝ ነው። ጣፋጭነቱ ሕፃናትንና እንስሳትን ስለሚስብም የተፋሰሰውን ወዲያው ይጥረጉ። ራዲያተሩ የተሞላው በባዶ ውሃ ከሆነ ግን ሶፍቱ አይነግርዎትም፤ የዝገት ቀለም ይፈልጉ ወይም የውሃውን መጠን በየጠዋቱ ይከታተሉ።

ንጹሕና ሽታ አልባ ከሆነ የሚረጥብበትን ቀን ይመርምሩ። ኤር ኮንዲሽነር በተከፈተበት ቀን ብቻ ከሆነ የማፍሰሻ ቱቦው ተደፍኗል፤ መኪናው ሥር መንጠባጠብ የነበረበት ውሃ ወደ ውስጥ ተመልሷል። ዝናብ በጣለ ወይም መኪናው በታጠበ ማግስት ከሆነ ደግሞ የሚቀጥለውን ያንብቡ።

የዝናቡ ውሃ በየት እንደሚገባ እንዴት አገኛለሁ?

ውሃ የሚታይበት ቦታና የሚገባበት ቦታ አንድ አይደሉም፤ በብረት መጋጠሚያ ተንሸራቶ አንድ ሜትር ርቆ ይወርዳል። ስለዚህ ምንጣፉን ገልጠው ብረቱን ያድርቁ፤ አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በለሰለሰ ቱቦ ውሃ ያፍስ። ከታች ወደ ላይ፣ በአንድ ቦታ ላይ 3 ደቂቃ ያህል እየቆዩ ይሂዱ። ከላይ ከጀመሩ ውሃው ሁሉንም ቦታ አርሶ ምንም ሳይለዩ ይቀራሉ። የግፊት ማጠቢያ አይጠቀሙ፤ ጤነኛ የበርና የመስታወት ጎማንም ያሸንፋል።

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ከፊት መስታወት ሥር ያለው የአየር መግቢያ ገንዳ ነው። ቅጠልና አፈር ማፍሰሻዎቹን ሲደፍናቸው ገንዳው ይሞላና ውሃው በሂተሩ አየር መግቢያ ይገለበጣል። በእጅ ያጽዱት፤ አንድ ጆግ ውሃ ሲያፈሱ በሁለቱም ወገን መኪናው ሥር መውጣት አለበት።

ቀጥሎ በሮቹ። በመስታወቱ ጎን ውሃ ወደ በሩ ሆድ መግባቱ የተለመደ ነው፤ በታች ቀዳዳዎች ይወጣል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ከተደፈኑ በፕላስቲክ ቁራጭ ይክፈቱ። ከበሩ የውስጥ ሽፋን ኋላ የተለጠፈው ላስቲክ ሬዲዮ ሊገጠም ሲፈታ ተቀዶ ወይም ሳይለጠፍ ከቀረ ውሃው ወደ ምንጣፉ ይወርዳል። ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ሰው ግን ላስቲኩን እንደ ማሸጊያ ፌስታል ይጥለዋል። የበሩን ዙሪያ ጎማ ለመፈተን አንድ ወረቀት መሃል አድርገው በሩን ዘግተው ይሳቡ፤ ያለ ምንም መያዝ የሚወጣበት ቦታ ላይ ጎማው ሞቷል።

የፊት መስታወቱ ጎማ ሥር ዝገት ካለ ከላይ ሲሊኮን መቀባት ውሃውን አፍኖ ዝገቱን ያፋጥነዋል፤ መስታወቱ ወጥቶ ብረቱ መታከም አለበት። የኋላ ኮፈን ውስጥ፣ ትርፍ ጎማው ጉድጓድ ላይ ውሃ ከተገኘ የኋላ መብራቶቹን ጓርኒሲዮን፣ የኮፈኑን ጎማና የአንቴናውን መሠረት በዚሁ ቅደም ተከተል ይዩ።

ውሃ ይጎድላል፤ ግን መሬት ላይ አንዲት ጠብታ የለም።

ትናንሽ ፍሳሾች ሞተሩ ሲግል ብቻ ይከፈቱና ብረቱ ላይ ደርቀው ነጭ ወይም አረንጓዴ ቅርፊት ይተዋሉ። ያንን ቅርፊት ይፈልጉ፦ ቱቦ አንገቶች ላይ፣ ከውሃ ፓምፑ ዘንግ ሥር ባለችው ትንሽ ቀዳዳ ላይ (ከእሷ መፍሰስ ከጀመረ የፓምፑ ዘንግ ማሸጊያ አልቋል)፣ በራዲያተሩ ጎኖች፣ በሞተሩ ጎን ላይ ባሉት ክብ የቆርቆሮ መድፈኛዎች ዙሪያ። የግፊት መፈተሻ ፓምፕ ካገኙ ሞተሩ በርዶ እያለ ክዳኑ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ለምሳሌ 0.9 ባር፣ ሞልተው 15 ደቂቃ ይተዉት። መርፌው ከወረደ ፍሳሽ አለ፤ ከዚያ በላይ አይሙሉ።

ክዳኑንም ይፈትኑ። ወደ 1 ባር የሚጠጋ ግፊት የውሃውን መፍያ ነጥብ 20 ዲግሪ ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ ጎማው የደረቀ ክዳን ይህን አይዝም፤ ውሃው ሳይታይ በእንፋሎት ያልቃል። ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ መጨረሻ የሚጠረጠረውም እሱ ነው።

የቴስታታ ጓርኒሲዮን መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከቀዝቃዛ ሞተር ጋር ክዳኑን ከፍተው ያስነሱ። የታሰረ አየር አረፋ ጥቂት ቆይቶ ያቆማል፤ የተቃጠለ ጋዝ ግን ሳያቋርጥ ይፈላል። ክዳኑ ተዘግቶ ሞተሩ ከተነሳ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ፣ ውሃው ገና ሳይሞቅ፣ የላይኛው ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ያው ነው። ከግለት በኋላም የማያቆም ጣፋጭ ሽታ ያለው ነጭ ጭስ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) መውጣት ሌላው ምልክት ነው። በዘይት ክዳኑ ላይ ብቻ ያለ ትንሽ ነጭ ክሬም ግን አያስደንግጥ፤ አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና ላይም ይታያል። ዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ከታየ ነው የሚያስፈራው። ቁርጡን ለማወቅ ራዲያተሩ አንገት ላይ የሚደረገው ሰማያዊ የመፈተሻ ፈሳሽ አለ፤ የተቃጠለ ጋዝ ሲነካው ወደ ቢጫ ይለወጣል።

ፍሳሽ ማቆሚያ ዱቄት ወይም የእንቁላል ነጭ ልጨምር?

አይጨምሩ። ቀዳዳንና ቀጭን መተላለፊያን አይለይም፤ መጀመሪያ የሚደፍነው የሂተሩን ራዲያተር ነው። ሂተሩ ራሱ እያፈሰሰ መንገድ ላይ ከቀሩ ሁለቱን ቱቦዎች ከግድግዳው ፈትተው በአንድ ቧንቧ እርስ በርስ ያገናኟቸው፤ ሂተር አልባ ሆነው ቤትዎ ይደርሳሉ። ቱቦዎቹን መድፈን ግን አይመከርም፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቴርሞስታቱ ሳይከፈት ውሃ የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነው።

ባዶ ውሃ ልጠቀም እችላለሁ?

ለአንድ ቀን ችግር፣ አዎ። ለዘለቄታው ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ ይቀላቅሉ፤ ይህ ድብልቅ እስከ 37 ዲግሪ ከዜሮ በታች አይረጋም፤ ከሁሉ በላይ ዝገት ይከላከላል። የቧንቧ ውሃ ማዕድኑን ትቶ ቅርፊት ይሠራል፤ ያው የሂተሩን ራዲያተር የሚደፍነው ቅርፊት። የድሮው ዓይነት አረንጓዴ ኩላንት በየ2 ዓመቱ ይቀየራል። ሁለት ዓይነት ኩላንት አይደባልቁ፤ ቀለም ዋስትና ስላልሆነ ጀሪካኑ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ፍሳሹ ቆሟል፤ ምንጣፉ ግን አይደርቅም፣ ይሸታል።

ምንጣፉ ሥር እንደ ፍራሽ ወፍራም ስፖንጅ አለ፤ ላዩ ደርቆ እሱ ለሳምንታት ይርሳል። ወንበሩንና የደፉን ሽፋን ፈትተው ምንጣፉን ያንሱ፤ ስፖንጁን ለብቻው ያድርቁ። ኩላንት የጠጣ ከሆነ ግላይኮል በራሱ አይደርቅም፤ በብዙ ለብ ያለ ውሃና ሳሙና ደጋግመው ይጠቡት ወይም ይቀይሩት። ወለሉ ባዶ ሳለ ዝገቱን ፍቀው ጸረ ዝገት ይቀቡ፤ በደፉ ሥር የሚያልፉትን የኮረንቲ ሶኬቶችም ከፍተው አረንጓዴ የሆነ ጫፍ ካለ ያጽዱ።